ባሩ ሙሉ ሆኖ አፕሎድ አልሄድ ሲል፦ የስልክንና የራውተርን የመላኪያ ኃይል ማስተካከያ መመሪያ

ሲም የሚገባበት ራውተር ልተክል የገባሁበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይጠብቀኛል። «ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ቪዲዮ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ፎቶ ልልክ ስል ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ስልኩም እንደ ምጣድ ይግላል። ተበላሽቶ ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ምንም አልሆነም። ባሩ የሚነግራችሁ ከታወሩ ወደ እናንተ የሚመጣውን ሲግናል ነው። ከእናንተ ወደ ታወሩ የሚሄደው፣ አፕሊንክ የምንለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ታወሩ በ20 ወይም በ40 ዋት ይልካል። የተለመደ የ4ጂ ስልክ ግን ጣሪያው 23 ዲቢኤም ነው፤ ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው። ይህ ወደ ዋት ሲቀየር 0.2 ገደማ ነው። ስለዚህ የታወሩ ድምፅ እናንተ ጋ እየደረሰ የእናንተ ድምፅ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ስልኩ በስንት ኃይል እንደሚልክ እናንተ አትመርጡም። ስልኩም በራሱ ፈቃድ አይመርጥም። ታወሩ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ የሚደርሰውን እየሰማ «ጨምር»፣ «ቀንስ» ይለዋል። በ3ጂ ይህ ትእዛዝ በሴኮንድ 1500 ጊዜ ይመጣል። ነገሩ የእድር ስብሰባ ነው። አጠገብ የተቀመጠው ከጮኸ ጥግ ያለው አይሰማም። ሰብሳቢው የሁሉም ድምፅ እኩል እንዲደርሰው ይፈልጋል። ይህን ትእዛዝ የምትቀይሩበት መንገድ የለም። በእጃችሁ ያለው በእናንተና በታወሩ መካከል የሚባክነው ሲግናል ነው። ብክነቱ ሲቀንስ ታወሩ ራሱ «ቀንስ» ይላል። ያኔ ስልኩ ይቀዘቅዛል፣ ባትሪው ይቆያል፣ አፕሎዱም ይሄዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ፣ አንድሮይድም ሆነ አይፎን። ባለሁለት ሲም ከሆነ የተሻለ ነው።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። በቃል የተያዘ ቁጥር ይጠፋል።
- ትንሽ ፕላስተር፣ የለካችሁበትን ቦታ ለማመልከት።
- ራውተር ላላችሁ፣ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የኔትወርክ ኬብልና የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ።
- የውጭ አንቴና። ይህን አሁን አትግዙ። ደረጃ 7 ላይ ስንደርስ አያስፈልጋችሁም ይሆናል።

1. ባሩን ተዉት፣ ቁጥሩን አንብቡ

አንድሮይድ ላይ እንደ ስልክ ቁጥር *#*#4636#*#* ጻፉ። አንዳንድ ስልኮች ላይ ይህ አይከፍትም። ያኔ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ስለ ስልኩ» የሚለውን፣ ከዚያ «የሲም ሁኔታ»ን ክፈቱ። የሲግናል ጥንካሬ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ጽፋችሁ ደውሉ።

የምትፈልጉት አርኤስአርፒ የሚባለውን፣ ማለትም ከታወሩ የሚደርሳችሁ የማመሳከሪያ ሲግናል ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር ነው። ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፣ ለምሳሌ −97 ዲቢኤም። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። −90 ከ−110 ይበልጣል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለብጠዋል።

ባሩን የምተወው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ የስልክ ፋብሪካ ስንት ዲቢኤም ስንት ባር እንደሆነ በራሱ ይወስናል። አንዱ ስልክ ላይ አራት ባር የሆነው ሌላው ላይ ሁለት ሊሆን ይችላል። ዲቢኤም ግን ለሁሉም አንድ ነው።

2. ቤቱን ዞራችሁ ለኩ

ቢያንስ አምስት ቦታ ምረጡ። ስልኩ ወይም ራውተሩ አሁን ያለበት ቦታ፣ እያንዳንዱ መስኮት፣ በረንዳ፣ ፎቅ ካለ ፎቅ። በየቦታው ግማሽ ደቂቃ ቁሙ። ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፣ እናንተ መሐሉን ጻፉ። ከዚያ ስልኩን አንድ መዳፍ ያህል ወደ ጎን አንቀሳቅሳችሁ እንደገና አንብቡ።

ይህች መዳፍ ቀልድ አይደለችም። በ1800 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከግድግዳ የሚመለሱ ሞገዶች እርስ በርስ እየተጠፋፉ በየ8 ሴንቲሜትሩ ገደማ ሲግናሉ የሚደክምበት ጉድጓድ ሊፈጥሩ ይችላሉ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የለካ ሰው ጉድጓዱን ለክቶ «ይህ ክፍል አይሆንም» ብሎ ይሄዳል።

በእኛ አገር ቤቶች ትልቁ ጠላት ብረት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቆርቆሮ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የብረት ሼልፍ፣ ፍሪጅ። ጭቃ ግድግዳ ከብረት በብዙ ይሻላል። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ግድግዳ ከ10 እስከ 20 ዲሲቤል ሊበላ ይችላል፣ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታያላችሁ። አንጸባራቂ መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ መስኮቱን ከፍታችሁም ዘግታችሁም ለኩ። መስታወቱ ላይ ያለው ስስ የብረት ሽፋን ሲግናሉን ይመልሰዋል። ልዩነቱ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ሁለት ሲም ካላችሁ፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ሌላው የሳፋሪኮም ከሆነ፣ በየቦታው ሁለቱንም ለኩ። የሁለቱ ታወር ያለበት ቦታ ሊለያይ ይችላል። «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የእናንተ ክፍል ነው፣ የሰፈሩ ወሬ አይደለም።

3. ቁጥሩ ምን እንደሚያስወጣችሁ አስሉ

ይህ ደረጃ ሒሳብ አለው፣ ግን ዝለሉት አልላችሁም። ለምን 10 ዲሲቤል እንደምታሳድዱ የሚገባችሁ እዚህ ነው።

ሁለት ነገር ያዙ። 3 ዲሲቤል ማለት እጥፍ ነው። 10 ዲሲቤል ማለት አሥር እጥፍ ነው። 23 ዲቢኤም 200 ሚሊዋት ነው፣ 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት ነው፣ 10 ዲቢኤም ደግሞ 10 ሚሊዋት ብቻ ነው።

የ4ጂ ስልክ ኃይሉን እንዲህ ያሰላል፦

የመላኪያ ኃይል = መነሻ ቁጥር + (የማካካሻ ድርሻ × የመንገድ ብክነት) + የብሎኮቹ ድርሻ

መነሻ ቁጥሩንና የማካካሻ ድርሻውን ኦፕሬተሩ ነው የሚያስቀምጠው። የመንገድ ብክነቱን ስልኩ ራሱ ያገኘዋል። ታወሩ የማመሳከሪያ ሲግናሉን በስንት ዲቢኤም እንደሚልክ ያሳውቀዋል፣ ስልኩ የደረሰውን አርኤስአርፒ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ብሎክ ማለት ታወሩ ለመላኪያ የሚያካፍለው ቁራሽ ነው። አንዱ 180 ኪሎኸርዝ ይሰፋል፣ 20 ሜጋኸርዝ ላይ 100 ብሎክ አለ። ብዙ ብሎክ ማለት ፈጣን አፕሎድ ማለት ነው። ግን ስልኩ ያለውን ኃይል ለሁሉም ብሎክ ማካፈል አለበት።

አሁን አንድ እውነተኛ ሱቅ እንውሰድ። ግራውንድ ላይ ያለች የልብስ ሱቅ ናት። ባለቤቷ አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች። ራውተሩ የተቀመጠው ከገንዘብ መያዣው ኋላ፣ የብረት ሼልፍ ውስጥ ነበር። እዚያ ስለካ −118። ከበሩ መስታወት አጠገብ ስለካ −97።

ለምሳሌ ታወሩ የማመሳከሪያ ሲግናሉን በ15 ዲቢኤም ይልካል፣ መነሻው −85፣ የማካካሻ ድርሻው 0.8 ነው እንበል።

- ሼልፉ ውስጥ፦ ብክነቱ 15 + 118 = 133 (ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሲቀነስ ይደመራል)። ለአንድ ብሎክ የሚያስፈልገው −85 + (0.8 × 133) = 21.4 ዲቢኤም። ጣሪያው 23 ስለሆነ ራውተሩ በሙሉ አቅሙ ከአንድ ብሎክ በላይ መሸከም አይችልም።
- በሩ አጠገብ፦ ብክነቱ 112። ለአንድ ብሎክ 4.6 ዲቢኤም ይበቃል። እስከ 23 ድረስ 18.4 ዲሲቤል ይተርፋል። 18.4 ዲሲቤል 69 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ለ69 ብሎክ ይበቃል።

አንድና ስድሳ ዘጠኝ። ዕቃው ያው፣ ሲሙ ያው፣ ፓኬጁም ያው ነው። ኦፕሬተሩ የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች ከእኔ ምሳሌ ሊለዩ ይችላሉ። የሚያሳዩት አቅጣጫ ግን አይቀየርም።

ለማስታወስ ያህል፦ ከ−95 የተሻለ ከሆነ ተረጋጉ። ከ−95 እስከ −105 ይሠራል፣ ግን ቢሻሻል ጥሩ ነው። ከ−105 እስከ −115 ስልኩ ላብ በላብ ነው። ከ−115 በታች ጣሪያው ላይ ደርሷል ብላችሁ ቁጠሩት።

4. አፕሎዱን ፈትሹ

የተሻሉ ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ላይ የፍጥነት መለኪያ አፕ ክፈቱ። ዳውንሎዱን አትዩ፣ አፕሎዱን ጻፉ። በየቦታው ሦስት ጊዜ ሞክሩና መካከለኛውን ያዙ። ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱት። ምሽት ላይ ታወሩ በሰው ይጨናነቃል፣ የጠዋቱንና የምሽቱን ማወዳደር ያሳስታችኋል።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው አርኤስአርፒ አሁንም የመምጫውን መንገድ ስለሚለካ ነው። አፕሎዱ ግን የመሄጃውን ይናገራል። አንዳንድ ራውተሮች ገጻቸው ላይ «ቲኤክስ ፓወር» (የመላኪያ ኃይል) የሚል መስመር አላቸው። ካገኛችሁት ፋይል እየላካችሁ አንብቡት። 22 ወይም 23 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጣሪያው ላይ ነው። 10 አካባቢ ከዋለ መንገዱ ጥሩ ነው።

5. ራውተሩን ወደ ሲግናሉ ውሰዱት

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ውጤት የሚሰጠው ይህ ነው። ወጪውም ትንሽ ነው። ራውተሩን ቁጥሩ በተሻለበት ቦታ አስቀምጡ። መስኮት ዳር፣ ከፍ ብሎ፣ ከብረት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቆ። ቲቪ ጀርባና ቁም ሳጥን ውስጥ አይሁን። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ ውስጥ አትደብቁት።

«መስኮቱ ጋ ካደረግሁት ዋይፋዩ መኝታ ቤት አይደርስም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። መፍትሔው የኔትወርክ ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይወስዳል። ራውተሩ መስኮት ዳር ይቀመጥ፣ ከእሱ ኬብል ስባችሁ ሌላ የዋይፋይ ማሠራጫ ውስጥ አስቀምጡ። ሱቋ ውስጥ 15 ሜትር ኬብል ሳብን፣ አለቀ። ባለቤቷ ማታ 12 ፎቶ በአንድ ጊዜ ልካ ስክሪንሾቱን ላከችልኝ። ሁሉም ላይ ሁለት ሁለት ምልክት ተደርድሯል። እኔም ደስ አለኝ።

ዋይፋዩ ሌላም ጥቅም አለው። ስልካችሁ ከታወሩ ጋር በ23 ዲቢኤም ከመታገል ክፍሉ ውስጥ ካለ ዋይፋይ ጋር በትንሽ ኃይል ያወራል። ቤት ውስጥ ባትሪ የሚቆጠበው በዚህ ነው።

6. ስልኩ ላይ የሚደረጉ ትንንሽ ነገሮች

- የብረት ጌጥ ያለበትን ወይም ጀርባው ላይ ማግኔት ሳህን የተለጠፈበትን ከቨር አውልቃችሁ ለኩ።
- አያያዛችሁን እዩ። ብዙ ስልኮች አንቴናቸው ከታች ወይም ከጎን ጠርዝ ነው። እጅ ሲሸፍነው ጥቂት ዲሲቤል ይጠፋል። ትልቅ ፋይል ስትልኩ ስልኩን መስኮት ዳር አቁሙትና እጃችሁን አንሡ።
- ሲግናሉ ደካማ በሆነበት ቦታ ረጅም ጥሪ ካላችሁ በኢርፎን አውሩ። ስልኩ ያኔ በከፍተኛ ኃይሉ ነው የሚልከው፣ ከራስ ማራቁ አይጎዳም።
- ስልካችሁም ኦፕሬተራችሁም ቮልቲ፣ ማለትም ጥሪን በ4ጂ ላይ ማስኬድ፣ የሚሠሩ ከሆነ አብሩት።

የመጨረሻዋን ላብራራት። ቮልቲ ከሌለ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። 2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት፣ በ1800 ደግሞ እስከ 1 ዋት ድረስ ይልካል። የሚልከው ያለማቋረጥ አይደለም፣ በሴኮንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው። ስልካችሁን ከሬዲዮ ወይም ከስፒከር አጠገብ ስታስቀምጡ ሊደወል ሲል «ትት ትት ትርርር» የሚለውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ያ ድምፅ የስልኩ መላኪያ ነው። በ2ጂ ጥሪ መሐል ስልኩንም ሬዲዮውንም አብራችሁ መስኮት ዳር ስትወስዱ ድምፁ ከቀነሰ፣ ታወሩ «ቀንስ» ብሎት ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ሳትገዙ የመላኪያ ኃይልን በግምት በጆሮ መስማት ትችላላችሁ።

7. የውጭ አንቴና፣ ሌላው ሁሉ ካልበቃ ብቻ

ከላይ ያለውን ሁሉ አድርጋችሁ ቁጥሩ አሁንም ከ−110 በታች ከሆነ አንቴና ግዙ። ግን ከአንቴናው በፊት ኬብሉን አስቡ። ቀጭኑ አርጂ-58 ኬብል በ1800 ሜጋኸርዝ በሜትር 0.7 ዲሲቤል ገደማ ይበላል። 10 ሜትር ከሆነ 7 ዲሲቤል ሄደ። 9 ዲሲቤል የሚያጎላ አንቴና ገዝታችሁ 2 ብቻ ይተርፋችኋል። ወፍራሙ ኤልኤምአር-400 በ10 ሜትር 2 ዲሲቤል ያህል ነው የሚወስደው። ስለዚህ የአንቴናውን ኬብል አሳጥሩ፣ ረጅሙን መንገድ በኔትወርክ ኬብል ሂዱት።

አተካከሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. የራውተሩን ሁለት የአንቴና ቀዳዳ እዩ። ብዙ ራውተሮች የሚልኩት በአንዱ ብቻ ነው፣ «ሜይን» ተብሎ የተጻፈበት። አንድ አንቴና ብቻ ካላችሁ እዚያ አስገቡት። በሌላኛው ካስገባችሁት ዳውንሎዱ ሊሻሻል ይችላል፣ አፕሎዱ ግን ባለበት ይቀራል።

ለ. አንቴናውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ጻፉ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ክቡን ጨርሱ። ቶሎ ቶሎ ካዞራችሁት ቁጥሩ አይከተላችሁም።

ሐ. በተሻሉት ሁለት አቅጣጫዎች አፕሎድ ፈትሹ። አንዳንዴ ከፍተኛው አርኤስአርፒ የተጨናነቀ ታወር ላይ ይወስዳችኋል።

አንቴና በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሠራል። የተጣራ 5 ዲሲቤል ካተረፋችሁ በመምጫውም በመሄጃውም ብክነቱ 5 ይቀንሳል።

ማስጠንቀቂያ

ቡስተር በራሳችሁ አትትከሉ። ገበያ ላይ «ኔትወርክ ማጉያ» እየተባለ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ቡስተር የእናንተን ሲግናል ብቻ አያጎላም፣ ጫጫታንም አጉልቶ ወደ ታወሩ ይልካል። ታወሩ ጫጫታ ሲበዛበት በዙሪያው ያሉትን ስልኮች ሁሉ «ጨምሩ» ይላል። የሰፈሩ ስልክ በሙሉ በእናንተ ምክንያት ይግላል። የውስጥና የውጭ አንቴናው ከተቀራረቡ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ስፒከር ፊት ሲቆም እንደሚያፏጨው ያፏጫል፣ ይህ ሴሉን (ታወሩ የሚሸፍነውን አካባቢ) ሊዘጋው ይችላል። የግድ ከሆነ ኦፕሬተራችሁን ጠይቁ። መሣሪያውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የፈቀደው መሆን አለበት።

ጣሪያ ላይ ምሰሶ ከተከላችሁ በሽቦ ከመሬት ጋር አገናኙት። ክረምት ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የአንቴናውን ኬብል ከራውተሩ ነቅላችሁ አውጡ። ደመና ሲመጣም ቆርቆሮ ላይ አትውጡ።

የጋለ ስልክ ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ። ስልኩ ውስጥ ያለው የመላኪያ ማጉያ 0.2 ዋት ለማውጣት ከባትሪው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወስዳል፣ ትርፉ ሙቀት ነው። ቻርጁ ሲጨመርበት መውጫ ያጣል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ስልኩን «4ጂ ብቻ» ላይ መቆለፍ። ቮልቲ ከሌላችሁ ጥሪ አይገባላችሁም። ለሙከራ አድርጉት፣ ከዚያ መልሱት።

ለአንቴና የቲቪ ኬብል መጠቀም። የቲቪው 75 ኦም ነው፣ የራውተሩ 50። ከዚህም በላይ ማያያዣዎቹ አይገጥሙም፣ ሰው በፕላስተር ጠምዝዞ ያያይዘዋል። ኃይሉ እዚያው መገጣጠሚያው ላይ ይቀራል።

ከአንድ ቀን ልኬት መወሰን። ዝናብ ያራሰው ግድግዳና ደረቅ ግድግዳ አንድ አይደሉም። ሁለት ሦስት ቀን ለኩ።

ፍላይት ሞድ አብርቶ ማጥፋትን እንደ መፍትሔ መያዝ። ስልኩ የተሻለ ታወር እንዲፈልግ ያደርገዋል፣ አንዳንዴም ይጠቅማል። ግድግዳውን ግን አያሳሳውም።

ሁሉንም ሞክራችሁ በረንዳ ላይ እንኳ ከ−115 ካልተሻለ፣ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ለኦፕሬተራችሁ ስትደውሉ «ኔትወርክ የለም» ብቻ አትበሉ። የሰፈሩን ስም፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የአርኤስአርፒውን ቁጥር፣ የአፕሎዱን ፍጥነት፣ እንዲሁም በደረጃ 1 በከፈታችሁት ገጽ ላይ ያለውን የሴል መለያ ቁጥር አንብቡላቸው። ቴክኒሻኑ ጋ የሚደርሰው ቅሬታ ይህ ሁሉ ካለበት የትኛውን አንቴና እንደሚያይ ያውቃል።